የመልክ ሚዛን በእኛ ዘመን ይሰበር

ለጥሊሊ፣ ለእንጅባራ፣ ለዳንግላና ለቻግኒ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ ከሁሉም በላይ ስልክ በእጁ ይዞ ለሚያድገው ትውልድ።

ሴት ልጅ ስትወለድ ከጤንነቷ ቀጥሎ የሚጠየቀው መልኳ ነው። «ቀይ ናት ወይስ ጠይም?» ይባላል። ጠቆር ያለች እንደሆነች፣ አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት «አይዞሽ፣ ስታድግ ትቀላለች» ብላ እናትየዋን ታጽናናለች። ንግግሩ ክፋት የለበትም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ሕፃኗ ግን ክርስትና ሳትነሳ፣ ስም ሳይወጣላት፣ ጉድለት ወጥቶላታል። ወንድሟ ያንኑ መልክ ይዞ ቢወለድ «ለወንድ ልጅ መልክ ምን ያደርግለታል?» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እርሷ ላይ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ወደቀባት፤ ጥቁረቷም፣ ሴትነቷም።

ይህ ጥሪ ስለዚያ ድርብ ሸክም ነው። ሸክሙን ማውረድ የአንዲት እናት ወይም የአንድ አስተማሪ ሥራ አይደለም። አያቶቻችን፣ እኛና ልጆቻችን በየድርሻችን ልንከፍለው የሚገባ የትውልድ ዕዳ ነው።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የምንሰበሰበው ለምን እንደሆነ እናውቃለን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረሶቹን ሸልሞ ሲያስጋልብ የአድዋን ዘማቾች ያስባል። በዚያ ሜዳ ላይ ጥቁር መሆን ኩራት ነው። ጥቁር ሕዝብ ወራሪን ድል እንደነሳ ለልጆቻችን የምንተርከው በዚያ ቀን ነው። ከሜዳው ተመልሰን ቤት ስንገባ ግን ልጃችንን «ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ትጠቁሪያለሽ» እንላታለን። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አድዋን የሚያከብር ቤት ሴት ልጁን በቀለሟ ሊያሳፍር አይገባውም።

በፎቶ ቤት

በምረቃ ሰሞን እዚሁ ጥሊሊ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ተራ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ተማሪ ጋዋን ለብሳ ተነሳችና ፎቶዋን ለማየት ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ቆመች። ፎቶ አንሺው ልጅ ሳይጠይቃት ፊቷን ያጠራላት ጀመር። መጀመሪያ የግንባሯ ወዝ ጠፋ። ቀጥሎ ጠይሙ ጉንጯ ቀላ፤ ከዚያም ነጣ። አፍንጫዋን ከግራና ከቀኝ ጠበብ አድርጎ ሰልካካ አስመሰለው። እጆቿን ስላልነካቸው ከጋዋኑ እጅጌ ሥር የሌላ ሰው እጅ መስለው ቀሩ። «እጄንስ?» አለችው። እጇንም አቀላላት። «ትንሽ ጨምርበት» አለች። ጨመረበት። ከፍላ ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር።

ፎቶ አንሺውን አልወቅሰውም፤ ደንበኛ የሚፈልገውን ያውቃል። ልጅቷንም አልወቅሳትም፤ የሚወደስ ፊት የትኛው እንደሆነ ከእኛ ተምራለች። የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው። ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ታናሽ እህቷ ጠዋት ማታ ታየዋለች። ተመርቃ ግድግዳ ላይ የምትሰቀል ሴት ምን መምሰል እንዳለባት ከዚያ ትማራለች። አስተማሪ ነኝና አውቃለሁ፤ ማንም አስተምራለሁ ብሎ ሳይነሳ የሚገባ ትምህርት ከሁሉ ይበልጥ ሥር ይሰድዳል።

ከፎቶ እስከ ቆዳ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ፊት የሚያቀላ ክሬም እንደ ሳሙና በየሱቁ ይሸጣል። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች አንዳንዶቹ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቷል፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ሌሎቹ ሃይድሮኪኖን ወይም ስቴሮይድ አለባቸው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አዘውትራ የተቀባች ሴት ቆዳዋ ይሳሳል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ከነበረው ብሶ ይጠቁራል። ፀጉርም ተመሳሳይ ፍርድ ወርዶበታል። ሹሩባው፣ ቁጥርጥሩ፣ አፍሮው እያለ፣ ለሠርግ በፒያስትራ ያልተተኮሰ ወይም ሂውማን ሄር ያልተቀጠለበት ፀጉር «ያልተሠራ» ይባላል። ማንም ሴት ፀጉሯን እንደ ወደደች ትሥራው፤ መብቷ ነው። የምቃወመው ከርዳዳን ፀጉር ነውር ያደረገውን ፍርድ ነው።

ዘፈኖቻችንን አዳምጡ፤ ቪዲዮዎቻችንን ተመልከቱ። ቀይ ተዘፍኖላታል፣ ጠይም ተዘፍኖላታል። ጥቁር ስትመጣ ግን ወይ ዝም ይባላል፣ ወይ «ጥቁር ብትሆንም ቆንጆ ናት» ይባላል። በዚያች «ብትሆንም» ውስጥ ስንት ልጅ አንገቷን ደፍታ እንዳደገች አስቡት። ተረታችንም አላነሰም፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያልን መልኳን ብቻ ሳይሆን አእምሮዋንም ሰፍረን ሰጥተናታል።

ሥሩ ከእኛም ዘንድ ነው

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የፈረንጅ ተጽዕኖ ነው ብሎ ይገላገላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ፊልሙም፣ አሻንጉሊቱም፣ የስልኩ ፊልተርም ከውጭ መጥቷል። እኛ ዘንድ የበቀለ ሥር እንዳለ ግን ልንክደው አንችልም። ከአዊ ዞናችን በስተ ምዕራብ ያሉት የጉሙዝ ሰዎች ለዘመናት የባሪያ ፍንገላ ሰለባ ነበሩ። ፈንጋዩ ከውጭ ብቻ አልመጣም፤ ከደጋውም ይወርድ ነበር። ከተፈነገሉትና ከተሸጡት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ በየጌታው ቤት ውኃ ቀድተዋል፣ ፈጭተዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ቃል ገባች። ባርነት በአዋጅ የተሻረው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። በአያቶቻችን ዕድሜ ማለት ነው፤ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

አዋጁ ሰንሰለቱን ፈታ። ስድቡን ግን አልፈታውም። «ባሪያ» እና «ሻንቅላ» የሚሉት ቃላት ዛሬም በገበያ፣ በመኪና መናኸሪያ፣ አንዳንዴም በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ይሰማሉ። ጥቁር መልክ ያላት የደጋ ልጅ እንኳን ስትሰደብ የሚወረወርባት ያው ቃል ነው። ልጆቻችን ከጥቁረት የሚሸሹት ነጭ ለመሆን ብቻ ብለው አይደለም፤ ባሪያ ከተባለው ሰው ጋር እንዳይቆጠሩ ብለውም ነው። ይህን በግልጽ ካልተናገርነው ክሬሙን ብቻ ብንከለክል ዋጋ የለውም።

የጉሙዝ ሰዎች በሚኖሩበት በመተከል ውስጥ በቅርብ ዓመታት የፈሰሰው ደም እንዳልደረቀ አውቃለሁ። ከዚያ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ቻግኒ ራንች መጠለያ ውስጥ የተቀበሉትን መከራ ዓይናችን አይቷል። የማንንም ለቅሶ አላሳንስም። ሆኖም የአንዱ ወንጀል የአንድን ሕዝብ መልክ ስድብ አያደርገውም። የተገደለበትን የሚያለቅስ ሰው የጎረቤቱን ልጅ በቀለሟ ካላዋረደ፣ ሐዘኑ ይከብራል እንጂ አይቀንስም።

ጥቁር ሴቶች ያዩት

በአሜሪካ ያሉ ጥቁር ሴቶች ይህን ድርብ ሸክም አብጠርጥረው ጽፈውታል። ከእነርሱ የምንማረው ብዙ ነው።

በሴንት ሉዊስ ከተማ ጥቁር ሴቶች መኪና አምራቹን ጄኔራል ሞተርስን ከሰሱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት አልቀጠረም ነበር፤ በኋላ ሠራተኛ ሲቀነስ መጨረሻ የገቡት ቀድመው ይውጡ ስለተባለ ጥቁር ሴቶቹ ሥራቸውን አጡ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ክሱን አልተቀበለውም። ኩባንያው ሴቶች ቀጥሯልና በጾታ አላዳላም ተባለ፤ የዘሩ ክስ ደግሞ በኩባንያው ላይ ከቀረበ ሌላ የዘር ክስ ጋር ይጣመር ተባለ፤ ሁለቱን በአንድነት የሚያይ ክስ ግን አልተፈቀደም። ቀድመው የተቀጠሩት ሴቶች ነጮች መሆናቸው አልተቆጠረም። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን ፍርድ አንሥታ፣ ጥቁርም ሴትም የሆነች ሰው በሁለቱ ሕጎች መካከል እንዴት ወድቃ እንደምትቀር አሳየች።

ይህን ወደ እኛ አምጡት። የሕዝባችን ቋንቋና ባህል እንዲከበር ስንሰበሰብ መድረኩን የሚይዘው ወንድ ነው። ስለ ሴቶች መብት ስንሰበሰብ የምትናገረው የተማረች የከተማ ሴት ናት። አገውኛ ብቻ የምትናገረው የገጠር ልጅ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር ልጅ፣ ከቆላው የመጣች የጉሙዝ ልጅ በሁለቱም ስብሰባ ላይ የለችም። ከሰፈሩ ሁሉ የበለጠ የምትበደለዋ እርሷ ሆና ሳለ፣ የማንም አጀንዳ አልሆነችም።

ሌላዋ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሜሚ ክላርክ ናት። ከባሏ ከኬኔት ክላርክ ጋር ሆና፣ ከቀለማቸው በቀር በምንም የማይለያዩ ነጭና ጥቁር አሻንጉሊቶችን ለጥቁር ሕፃናት እያቀረበች «ጥሩው የትኛው ነው? መጥፎውስ?» ብላ ጠየቀች። አብዛኞቹ ጥሩ ብለው ነጩን መረጡ፤ አንዳንዶቹ «አንተን የሚመስለው የትኛው ነው?» ሲባሉ አለቀሱ። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ልጆችን በቀለም መለየት ሕገ ወጥ ነው ለተባለበት ታላቅ ፍርድ አንዱ ማስረጃ ሆኗል። አሁን ወደ ሱቆቻችን ግቡና መደርደሪያ ላይ ያለውን አሻንጉሊት እዩ፤ ፀጉሩ ወርቃማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ነው። ለልጃችን የገዛነው ያንን ነው።

ሦስተኛዋ ጸሐፊዋ ቤል ሁክስ ናት። ጥቁር ሴቶች ሲኒማ ቤት ገብተው እነርሱን የሚያዋርድ ፊልም ሲያዩ ሁሉንም እንዳለ አልዋጡም ብላ ጽፋለች፤ እያዩ ይጠይቁ፣ እያዩ ይሟገቱ ነበር። ለእናንተ ለወጣቶች ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ቲክቶክ አትክፈቱ አልላችሁም። ስትከፍቱት ግን ጠይቁ፤ ይህን ቪዲዮ የሠራው ማን ነው? የምትሰደበዋ ማን ናት? ሳቁ በማን ላይ ነው? «የገጠር ሴት» እየተባለ በሚሠራው ቀልድ የሚሳቅባት የማን እናት ናት?

የራሳችን ሴቶች

እነዚህን የውጭ ሴቶች ያነሣሁት የራሳችን ስለሌሉን አይደለም። ብዙዎች አሉን፤ ለልጆቻችን አላስተዋወቅናቸውም እንጂ።

ጂጂ፣ እጅጋየሁ ሽባባው፣ የቻግኒ ልጅ ናት። የቤተ ክርስቲያን ዜማ በልጅነቷ ቤት ውስጥ ከካህን እንደተማረች ይነገራል፤ ሴት ልጅ በማሕሌት ቆማ የማትዘምርበትን ዜማ በጆሮዋ ይዛ አደገች ማለት ነው። ከአገር ወጥታ እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ በጠራችው አልበም ላይ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስ ተጫውተዋል፤ የጥቁር አሜሪካውያን ጃዝ አውራዎች የቻግኒን ልጅ ድምፅ አጀቡ። «አድዋ» የተሰኘው ዘፈኗም እዚያው አልበም ላይ ነው፤ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ ይሰማዋል። ከእኛ ቀዬ የወጣች ሴት የአገርን ድል በራሷ ድምፅ ተረከችው። ልጆቻችን ዘፈኑን ያውቁታል፤ ዘፋኟ የጎረቤት ከተማ ልጅ መሆኗን የሚያውቁት ግን ስንቶቹ ናቸው?

ከእርሷ በፊትም ነበሩ። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ቅኔ አስተምረዋል። አስናቀች ወርቁ፣ በቴአትር ቤት ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ሴት ሆነው በሚጫወቱበት ዘመን መድረክ ላይ ወጣች፤ ክራሯንም ይዛ ለብዙ ዓመታት ተጫወተች። ያኔ አዝማሪና ተዋናይ ሴት ምን ስም ይሰጣት እንደነበር ታላላቆቻችን ያውቃሉ። ስሙን ችላ፣ ለሌሎቹ በር ከፈተች።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደግሞ ባርሴሎና ላይ የሆነውን አስታውሱ። የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ፣ የ20 ዓመት ልጅ፣ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኢላና ሜየር ኋላ ኋላ ትሮጣለች። ሜየር ነጭ ናት፤ አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችው በዚያ ዓመት ነው። በመጨረሻው ዙር ደራርቱ ተፈትልካ ወጣች፤ በ31 ደቂቃ ከ06 ሰከንድ ገባች፤ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያ መስመሩ ላይ ቆማ ሜየርን ጠበቀቻት። ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያን ቀን ዓለም የተመለከተው ፊት ጠይም፣ ያልተኳለ፣ ላብ ያጠበው የገበሬ ልጅ ፊት ነበር። ማንም «ብትሆንም» አላላትም። ልጆቻችን ስለ ውበት ሲጠይቁን ልናሳያቸው የሚገባው ይህንን ነው።

ወደ እኛ የመጡም አሉ። ሚኞን ፎርድ ባርቤዶስ ተወልዳ ከኒውዮርክ ወደ ኢትዮጵያ የመጣች ጥቁር ሴት ናት። በወረራው ዋዜማ ባሏ ሞቶባት፣ በወረራው ዘመን ልጆቿን ይዛ እዚሁ ቆየች፤ ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በኋላ ልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት የተባለው ነው። ኢትዮጵያ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ቤት ናት ብላ አመነች፤ ዕድሜዋንም ሰጠችን። «እኛ ሀበሻ እንጂ ጥቁር አይደለንም» የሚል ሰው ለዚህች ሴት ምን መልስ አለው?

ቤይሩት ያስተማረችን

«ጥቁር አይደለንም» የሚለው አባባል ከአገር ስንወጣ ዋጋ እንደሌለው በሰደድናቸው እህቶቻችን አይተነዋል። የካቲት 2004 ዓ.ም. የቤት ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት የነበረችው አለም ደቻሳ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ መሬት ለመሬት ተጎትታ በግድ መኪና ውስጥ ስትጣል በካሜራ ተቀረጸች። ከሳምንታት በኋላ ሕይወቷ አለፈ። በሊባኖስና በአንዳንድ ሌሎች የዓረብ አገሮች ያለው ከፋላ የሚባለው አሠራር ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ፈቃድ ጋር ያስራታል፤ ፓስፖርቷ በሰው እጅ፣ ደመወዟ በሰው ቸርነት ነው። እዚያ ቀይ ናት፣ ጠይም ናት፣ ሰልካካ ናት ብሎ የሚለይ የለም። ጥቁር ናት፤ ሴት ናት፤ አገልጋይ ናት።

እነዚህ ሴቶች ግን ተበዳይ ብቻ ሆነው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቤይሩት ውስጥ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት «እኛ ለኛ በስደት» ብለው ተደራጁ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅና አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቆንስላው በር ላይ እያወረዱ ሲሄዱ፣ ምግብና መጠለያ ካፈላለጉላቸው መካከል እነዚሁ የራሳቸው እህቶች ነበሩ። ያለ ዘመድ፣ በሰው አገር። የጋራ ግዴታ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የምንፈልግ እኛ ከእነርሱ ብንማር አያሳፍረንም።

የሌላ አገር ገንዘብ ጥገኛ መሆን ምን እንደሚያስከትልም አይተናል። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአማራ ክልል በሬዲዮ የጀመረችው «የኛ» አምስት ልጃገረዶችን በድራማና በዘፈን አቅርባ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ጓደኝነት ታወራ ነበር። ከአስቴር አወቀ ጋር «ጣይቱ» ብለው የዘፈኑትን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በመቀሌ ምሽግ የጠላትን ውኃ ለማስያዝ የመከሩትን እቴጌ ለዛሬ ልጃገረዶች የሚያስተዋውቅ ሥራ ነው። በ2009 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ቡድኑን በራሱ አገር የሴቶች ባንድ ስም እየጠራ ዘመቻ ከፈተ፤ የብሪታኒያ መንግሥትም ለ«የኛ» ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ አቆመ። ክርክሩ በለንደን ተጀምሮ በለንደን አለቀ፤ ድራማውን የሚያዳምጡትን ልጆች የጠየቃቸው የለም። ስለ ልጆቻችን የሚነገረውን ታሪክ ሌላው ሲከፍልበት፣ ሲፈልግ የሚዘጋውም ሌላው ነው።

የየድርሻችን

አዲስ አበባ ላይ በ2003 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የሎው ሙቭመንት የተባለ የሴቶች መብት ንቅናቄ፣ ከእርሱም በኋላ በ2006 ዓ.ም. የተመሠረተው ሴታዊት የተባለው ሌላው ንቅናቄ ይህን ንግግር ከፍተውታል። ይመስገኑ። ጥሊሊ ግን አዲስ አበባ እስኪመጣላት መጠበቅ የለባትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ድርሻችንን ልዘርዝር።

እናንተ አያቶቻችን፣ እማማዎቻችንና አባባዎቻችን፤ የእናንተ ቃል ቤት ውስጥ ከሁሉ ይሰማል። ሕፃን ስታቅፉ ስለ ቀለሟ አታንሡ። ሌላዋ ካነሣችም «ተይ ልጄ» በሏት። የሠርጉን ዘፈን፣ እሹሩሩውን፣ ሙሾውን፣ በአገውኛም በአማርኛም የምታውቁትን ለልጅ ልጆቻችሁ ስጡ። በልጅነታችሁ በየቤቱ ስለነበሩት ገረዶችና ባሪያ ስለተባሉት ሰዎች የምታውቁትንም ሳትደብቁ ንገሯቸው። እናንተ ካልነገራችሁን እውነቱ ከእናንተ ጋር ይቀበራል፤ ስድቡ ግን ይተርፋል።

እናንተ አባቶች፤ ልጃችሁን ስታወድሱ ከመልኳ በፊት ያነበበችውን፣ የሠራችውን፣ የተናገረችውን አንሡ። ወንድ ልጃችሁ እህቱን «ጥቁሯ» ብሎ ሲጠራት ሳቁን ትታችሁ አርሙት። ሚስት ሲመርጥ ቀለም ሲቆጥር ስትሰሙም ዝም አትበሉ። ይህ ሚዛን በወንዶች ምርጫ ይሠራልና፣ ወንዶች ካልተዉት አይሰበርም።

እኛ መካከለኛዎቹ፤ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የፀጉር ቤትና የፎቶ ቤት ባለቤቶች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ዕዳው ይበልጥ በእኛ ላይ ነው። መምህራን በየሚኒ ሚዲያው ላይ የሴቶችን ታሪክ እናስነብብ፤ በክፍላችን ውስጥ በመልክና በዘር መሳደብን እንደ ማንኛውም ጥፋት እንቅጣ። ፎቶ ቤቶች ሳይጠየቁ የሰው ፊት አያቅሉ። ፀጉር ቤቶች ሹሩባና አፍሮ የተሠሩ የአገራችን ልጆች ፎቶ በግድግዳቸው ላይ ይስቀሉ። ባለ ሱቆች የያዘው ነገር ያልተጻፈበትን ክሬም አይሽጡ፤ የጤና ባለሙያዎች ጉዳቱን በገበያ ቀን ወጥተው ያስረዱ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የአካባቢያችንን ሴቶች ታሪክና የባርነትን ታሪክ ሰብስበው በአገውኛና በአማርኛ ያውጡልን። ሴት ልጁን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ቤተሰብ ውሉን፣ የአሠሪውን ስምና አድራሻ ሳይዝ አይላካት፤ ስትደውል ስለ ገንዘቡ ከመጠየቁ በፊት ስለ እርሷ ይጠይቅ።

እናንተ ልጃገረዶች፤ ራሳችሁን እንድትደብቁ የማዘዝ መብት ማንም የለውም፣ እኔም የለኝም። ኳሉ፣ ተሠሩ፣ ዝፈኑ። ነገር ግን ፊታችሁ የሚስተካከል ስህተት አይደለም። ስልካችሁን አያታችሁ ፊት አቁሙና ዘፈኗን ቅረጹ፤ የሠፈራችሁን ሴት ታሪክ በራሳችሁ ቋንቋ ተናገሩ። ከጉሙዝ ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ስትሰደብ ከእርሷ ጎን ቁሙ። እርሷ ነጻ ካልወጣች ያ ስድብ ነገ ወደ እናንተ ይመለሳል።

እናንተ ወጣት ወንዶች፤ ዘፈን የምትጽፉ፣ ቢት የምትሠሩ፣ ቪዲዮ የምትቀርጹ እናንተ ናችሁ። ግጥማችሁ ውስጥ ጥቁር ልጅ ያለ ይቅርታ ትወደስ። ቪዲዮዋችሁ ላይ የሚመረጠው ፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይሁን። ሴት የምታዋርድ ቀልድ ብዙ ላይክ ብታመጣም አትልቀቋት።

የምጠይቀው በጎ ፈቃድ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ባርነትን የሻረው አዋጅ ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ትውልድ ሁሉ ስድቡን ተቀብሎ ለቀጣዩ አሳልፏል፤ እኛም አሳልፈናል። ይህ የርስት ቅብብሎሽ የሚቆመው አንድ ትውልድ «ከእኔ አያልፍም» ሲል ነው። ያ ትውልድ እኛ እንሁን። ዛሬ ማታ በየቤታችን ስለ አንዲት ሴት መልክ ክፉ ቃል ሲነሣ በመጀመሪያ የምንናገረው እኛ እንሁን፤ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን መክፈቻ በየትምህርት ቤቱ፣ በየፎቶ ቤቱና በየፀጉር ቤቱ ሥራው ይጀመር። ከዓመት በኋላ ተሰብስበን ማን ምን እንደሠራ በስም እየጠራን እንተያይ።